ኤ ስቲከር ምንድን ነው? (ቤንዚን ሞልቶ ቤንዚን በራሽን የሆነበት ጊዜ)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 ወይም በ1944፣ የተነሳ የአሜሪካ መንገድ ፎቶ ካጋጠማችሁ መኪኖቹን ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ "ኤ" የሚል ፊደል ያለባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ታገኛላችሁ። የኢንሹራንስ ወረቀት ትመስላለች ግን አይደለችም፣ ባለመኪናው በሳምንት ስንት ቤንዚን እንደሚፈቀድለት የምትናገር የራሽን ምልክት ናት። ኤ ማለት በአጭሩ "ያለ መኪናም ትኖራለህ" ማለት ነው፣ ስለዚህ በሳምንት 4 ጋሎን ብቻ፣ ወደ 15 ሊትር መሆኑ ነው፣ በኋላ እሱም ወደ 3 ወረደ፣ ምስራቁ ጠረፍ ላይ ደግሞ ከዛም ያነሰ ነበር። ብዙ ሰው የደረሰው ይሄው ኤ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ቤንዚን እኮ አልጠፋም። አሜሪካ ያኔ ከዓለም አንደኛ ነዳጅ አምራች ናት፣ ቴክሳስ ላይ ያለ ሰው ጉድጓዱ ከቤቱ ማዶ እየታየው ነው ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳው፣ ቢናደድ አይፈረድበትም። ምስራቁ ጋ እውነተኛ እጥረት ነበር፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ነዳጅ የጫኑትን መርከቦች እያሰመጡ ስላስቸገሩ፣ ለዛ ነው 17 ስቴቶች በሜይ 1942 ቀድመው የጀመሩት። ግን ዲሴምበር 1 ቀን 1942 ራሽኑ ለመላ አገሪቱ ሲሆን ዋናው ምክንያት ጎማ ነበር። አዎ፣ የመኪና ጎማ።

ይሄን ለመረዳት ወደ ጃፓን መሄድ አለብን። ጃፓን በ1931 ማንቹሪያን ያዘች፣ በ1937 ከቻይና ጋር ሙሉ ጦርነት ገባች፣ በ1940 ሰሜን ኢንዶቻይናን (ፈረንሳይ የምትገዛውን የነቬትናምን አካባቢ)፣ በጁላይ 1941 ደግሞ ደቡቡን። እዚህ ላይ አሜሪካ የጃፓንን ገንዘብ አገደች፣ ነዳጅም ቆመ። ጃፓን ደግሞ አብዛኛውን ነዳጇን የምትገዛው ከዚችው ከአሜሪካ ነበር፣ ስለዚህ ወይ ከቻይና መውጣት ወይ ነዳጁን ሌላ ቦታ ሄዶ መውሰድ። ሌላ ቦታ ማለት ሆላንዶች የሚገዙት የዛሬው ኢንዶኔዥያ ነው። ሃዋይ ውስጥ ፐርል ሃርበር ላይ የአሜሪካ ባህር ሃይል ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በጃፓን የተመታው ይሄን የደቡብ ዘመቻ እንዳያደናቅፍ ተብሎ ነው፣ በዛው ሰሞን ሳይሆን በነዛው ሰዓታት ውስጥ የጃፓን ጦር ማላያም (የዛሬዋ ማሌዥያ) ላይ ወርዷል። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ሲንጋፖር ወደቀች፣ ማርች ላይ ደግሞ የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ጃቫ።

የጎማ ዛፉ ያለው ደግሞ እዛው ነው! አሜሪካ ከምታስገባው የተፈጥሮ ጎማ 90 ፐርሰንት ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ አካባቢ ነበር። አሜሪካ ጃፓንን ነዳጅ ከለከለች፣ ጃፓን አሜሪካን ጎማ ከለከለች፣ እጅ በእጅ ነው የተከፋፈሉት።

ስለዚህ ከስኳርም ከስጋም በፊት መጀመሪያ ራሽን የሆነው ጎማ ነው፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1942፣ ከፐርል ሃርበር አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ። አዲስ ጎማ የሚፈልግ ሰው ለሰፈሩ የራሽን ቦርድ ያመለክታል፣ ሐኪም ከሆነ ምናልባት ይሰጠዋል፣ ተራ ሰው ከሆነ ግን ያለውን እየለጣጠፈ መንዳት ነው። በኋላማ ለአንድ መኪና ከ5 ጎማ በላይ መያዝም ተከለከለ፣ አራቱ ከነስኮርታው፣ ትርፉን ለመንግስት አስረክብ ተባለ። ጁን 1942 ላይ ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀርቦ አሮጌ ጎማ፣ የዝናብ ካፖርት፣ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ፣ ጓንት፣ ያላችሁን አምጡ አለ፣ ህዝቡም ማደያዎች በር ላይ ከመረው፣ ከ400 ሺህ ቶን በላይ ተሰበሰበ። ችግሩ ያረጀ ጎማ ቀልጦ ጥሩ ጎማ አይወጣውም።

ከዛ ባለሀብቱና የመንግስት አማካሪው በርናርድ ባሩክ የሚመራው የጎማ ጉዳይ አጥኚ ኮሚቴ በሴፕቴምበር 1942 ቁርጡን ተናገረ፣ ጎማ የሚያልቀው መኪና ሲንከባለል ነው፣ ስለዚህ መኪናው አይንከባለል። ግን 27 ሚሊዮን አካባቢ መኪና ስንት ማይል እንደሄደ ማን እየዞረ ይቆጥራል? ማንም። ቤንዚን ግን የሚቀዳው ማደያ ላይ ነው፣ እዛ ጋ መያዝ ይቻላል። ሀሳቡ በጣም ቀላል ነው እኔ ግን ብልጠቱ ይገርመኛል፣ የማትቆጣጠረውን ነገር በምትቆጣጠረው ነገር መያዝ። ፍጥነትም በሰዓት 35 ማይል ላይ ተገደበ፣ ወደ 56 ኪሎሜትር፣ ፈጥኖ መንዳት ጎማ ይበላል ተብሎ።

ስቲከሯ ከውጪ ፊደሉን ለማደያው ሰራተኛ ታሳያለች፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ለሹፌሩ የምታነበው ጥያቄ አለባት፣ "ይሄ ጉዞ የግድ ነው?" የሚል። መሪ ይዘህ በተቀመጥክ ቁጥር አፍጥጣ ትጠይቅሃለች። ሰራተኛው ፊደሉን አይቶ ከደብተሩ ኩፖን ይቀበላል፣ ኩፖኑ ጀርባ ላይ የታርጋ ቁጥር ይጻፋል፣ ብር ብቻ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።

ከኤ በላይ ቢ አለ፣ መኪናው ለስራ ለሚያስፈልገው፣ ሲ ለሐኪም፣ ለቄስ፣ ለፖስተኛ የመሳሰሉት፣ ቲ ለጭነት መኪና። ኤክስ የሚባለው ደግሞ ገደብ አልነበረውም፣ በ1942 ምስራቁ ላይ እንደተጀመረ ብዙ የኮንግረስ አባላት ኤክሱን ለራሳቸው ወስደው ተገኙና ህዝቡ ጮኸባቸው። በርግጥ ህዝቡም ንጹህ አልነበረም፣ የተሰረቀና ፎርጅድ ኩፖን እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር።

ኩሽናው ውስጥም ያው ነው፣ ስኳር በሜይ 1942 ራሽን ሆነ፣ ፊሊፒንስ በጃፓን ስለተያዘች የሷ ስኳር ቀርቷል፣ መርከብም የለም። ቡና ለአንድ ሰው በ5 ሳምንት 1 ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ሐበሻ ቤት ቢሆን ሁለት ሳምንትም አይዘልቅ።

ጎማውን በመጨረሻ ያዳነው ፋብሪካ ነው፣ ከነዳጅና ከእህል አልኮል የሚሰራ ሰው ሰራሽ ጎማ፣ መንግስት ገንዘቡን አፍስሶ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሞላ ጎደል ከዜሮ ተነስቶ በ1944 አብዛኛውን ፍላጎት ሸፈነ። ቢሆንም ራሽኑ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቆየ፣ ጃፓን እጅ መስጠቷ በኦገስት 14 ቀን 1945 ሲሰማ የቤንዚን ራሽን በማግስቱ ቀረ፣ ሰዉ እየሳቀ "ሙላው!" እያለ ቀዳ። የጎማው ራሽን ግን እስከ ዲሴምበር 31 ቀጠለ።