ሾክ የሌለው ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ሳይክል በጎንደር

ሾክ የሌለው ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ሳይክል ሁለት ነገር የተቀነሰለት ሳይክል ነው። የፊት ሹካው አይታመቅም፣ ከኮርቻው ሥርም ሞላ የለውም። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው ጥርሳማ ክብ አንድ ነው፤ የኋላ ጎማው ላይ ያለውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘልበት ቦታ የለውም። በቀረው ሁሉ የተራራ ሳይክል ነው፤ ጎማው ሰፊ፣ ፍሬሙ ጠንካራ፣ መሪው ረጅም፣ ፍሬኑ ለቁልቁለት የሚታመን። በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ ፊትና ኋላው ሾክ የተገጠመለት፣ ዛሬ ዛሬ ከኋላው እስከ 12 ጥርሳማ ክብ የሚደረደርበት ሳይክል ነው።

ጎንደር ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቶሎ ይታያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከፒያሳ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት የነዳ ሰው ወይ ዳገት ወጥቷል ወይ ቁልቁለት ወርዷል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም። መንገዱም በአንድ ጉዞ ውስጥ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ኮረኮንች፣ ከዚያም ከብትና ሰው ወዳቀናው የእግር መንገድ ይለወጣል። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጣና ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ባሕር ዳር በሳይክል ስትታወቅ ጎንደር ይህን ስም ያላገኘችው በመሬቷ አቀማመጥ ይመስለኛል።

አመጣጡ

የተራራ ሳይክል የተወለደው ሾክም የረባ ማርሽም ሳይኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ የነበሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን የድሮ ሳይክሎች እየገዙ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ባሉ የአፈር መንገዶች ይወርዱባቸው ነበር። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው የኋላ ፍሬን በቁልቁለቱ ይግልና ግሪሱ ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር ከታች ሲደርሱ ፈትተው አዲስ ግሪስ መሙላት ነበረባቸው። በጥቅምት 1976 የጀመሩት ውድድር «ሪፓክ» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቃሉ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ከእነሱ አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ቁልቁለት ብሎ ፍሬም ሠራ፤ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 ቶም ሪቺ በሚሠራቸው ፍሬሞች የተራራ ሳይክል መሸጥ ጀመሩ። ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ የፊት ሾኩን ወደ ገበያ ያመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1990ዎቹ ሾኩና ማርሹ እየበዛ ሲሄድ ወደ ኋላ ተመልሰው አንድ ማርሽ የመረጡ ነጂዎች ተነሡ፤ ለእንዲህ ያለ ሳይክል ብቻ የሚካሄድ የራሳቸው ዓለም አቀፍ ውድድርም አላቸው።

በኢትዮጵያ የሳይክል ስፖርት የሚታወቀው በአስፋልት ነው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደረው፣ ፀጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው በጎዳና ሳይክል ነው። ሾክ የሌለው ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ግን ለሀገሩ እንግዳ አይደለም። ጥቁር ቀለም የተቀባው፣ ከኋላው የጭነት ብረት ያለው፣ ከቻይና ወይም ከህንድ የመጣው የድሮ ሳይክል ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የጎደለው ሰፊ ጎማና ለዳገት የሚሆን የጥርስ ልክ ብቻ ነው። የጥገናው ቋንቋም የቆየ ነው፤ ጎሚስታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ማስቲሽ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነው ቀርተዋል፤ እንደ ፒያሳ ራሷ።

የጥርስ ልክ

ማርሽ መቀየር የማይቻልበት ሳይክል ላይ ሁሉም ነገር የሚወሰነው አስቀድሞ ነው። ስለዚህ የፊቱና የኋላው ጥርስ ብዛት ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። የድሮው የጭነት ሳይክል ብዙውን ጊዜ ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ አለው፤ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ሳይክሉ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለሜዳ ሸጋ ነው። በጎንደር ዳገት ላይ ግን ነጂው ወርዶ ይገፋዋል።

ከፊት 32፣ ከኋላ 20 ጥርስ ቢሆን ባለ 26 ኢንች ጎማው ሳይክል በአንድ ዙር 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው በደቂቃ 30 ጊዜ ያህል ይረግጣል ማለት ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን ቆሞ ለሚረግጥ ጤነኛ ሰው የሚቻል ነው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ 60 ዙር ይሆናል፣ እሱ ምቹ ነው። ከ20 ካለፈ በኋላ እግር ከ100 ዙር በላይ መሮጥ ስለሚኖርበት ነጂው መርገጡን ትቶ በራሱ እንዲንከባለል ይለቀዋል። ለጎንደር ሰው ይህ ጉዳት አይመስለኝም፤ እዚህ ሳይክል የሚፈጥነው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማንም አይረግጥም።

ዳገቱን የሚወጡበት መንገድም ይለያል። ባለ ብዙ ማርሹ ተቀምጦ፣ ቀላሉን ማርሽ ይዞ፣ በዝግታ ይወጣል። ባለ አንድ ማርሹ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ይሰበስባል፣ ከኮርቻው ይነሣል፣ መሪውን በእጁ እየሳበ በሰውነቱ ክብደት ይረግጣል። ክብደቱን በጣም ወደ ፊት ካመጣ የኋላ ጎማው ጠጠር ላይ ይንሸራተታል፤ በጣም ወደ ኋላ ካደረገ የፊቱ ይነሣል። በመካከል ያለውን ልክ እግርና ወገብ እየለመዱት ይመጣሉ። በሁለት ወር ውስጥ ከአራዳ ወደ ጎሃ ኮረብታ በሚወስደው መንገድ ላይ ደክመው ከሳይክሉ የሚወርዱበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ማየት የሚሰጠው ደስታ ትልቅ ነው።

ሾክ ስለሌለ የሚሆነው

ሾክ የማይጠቅም ዕቃ ነው የሚል ሰው ቁልቁለት በደንብ አልወረደም። ጥሩ ሾክ ጎማው ከመሬት እንዳይነሣ ያደርጋል፣ ፍሬን የሚይዘው ደግሞ መሬት የነካ ጎማ ብቻ ነው። ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ሾክ ያለው ነጂ ይፈጥናል፣ ክንዱም አይዝልም። ሾክ የሌለው ነጂ ክርኑንና ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በሁለቱ ፔዳል ላይ እኩል ቆሞ ይወርዳል፤ ሞላው የራሱ እግርና ክንድ ነው። መስመሩን አስቀድሞ ይመርጣል፣ የሚያልፈውን ድንጋይና የሚሸሸውን ይለያል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ መዳፍ ይደነዝዛል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም።

የጎማ ንፋስ ግን ብዙውን ሥቃይ ያቀልላል። ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ስፋት ላለው ጎማ ለመካከለኛ ክብደት ሰው ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በቂ ነው። ጎሚስታ ቤት ዝም ብለው ከሰጡት እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ይሞላዋል፤ ያ ጎማ ኮብልስቶን ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። ከልክ በታች ከቀነሱት ደግሞ ቸርኬው ካላማዳሪውን ከድንጋይ ጋር ቆርጦ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣበታል።

የሾክ ዋጋው ያለው ጥገናው ላይ ነው። ከአምራቾች አንዳንዶቹ የፊት ሾክ በየ50 ሰዓት ጉዞ ተፈቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። በሳምንት አምስት ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይህ በየሁለት ወር ተኩሉ ማለት ነው። የላስቲክ ማኅተሞቹ በየሾኩ ዓይነት ይለያያሉ፤ የኋላው ሾክ በከፍተኛ ግፊት አየር የሚሞላ በመሆኑ ለእሱ ብቻ የተሠራ ትንሽ ፖምፓ ይጠይቃል፤ ፍሬሙ የሚታጠፍባቸው መጋጠሚያዎችም እያንዳንዳቸው ኩሽኔታ አላቸው። እነዚህ ከጎማ መለጠፍ ያለፈ ሥራ ስለሆኑ መደበኛ ጎሚስታ ቤት አይጠበቁም። ዕቃው ከውጭ በሰው እጅ እስኪመጣ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል።

ከሁሉም የባሰው ርካሹ ባለ ሁለት ሾክ ሳይክል ነው። ወጣቶች በመልኩ ይወዱታል፤ ሞላው ግን የድንጋዩን ምት የሚያበርድ ዘይት ስለሌለው ይነጥራል እንጂ አያለሰልስም፣ ዳገት ላይ የእግርን ጉልበት ይበላል፣ መጋጠሚያውም በአጭር ጊዜ ይላላል። በዚያው ገንዘብ ሾክ የሌለው ሳይክል የገዛ ሰው የተሻለ ፍሬንና ጎማ ያገኛል። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

ከአሮጌ ባለ ማርሽ ሳይክል መሥራት

አዲስ ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ሳይክል ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የሚያዋጣው ያረጀ ባለ 26 ኢንች ሳይክል መለወጥ ነው። የማርሽ መቀየሪያዎቹና ሽቦዎቻቸው ይወጣሉ። ርካሾቹ ሳይክሎች ላይ የኋላው የጥርስ ድርድር ራሱ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ ነው፤ በተመሳሳይ መንገድ እየዞረ የሚገባ አንድ ጥርሳማ ክብ ተፈልጎ በቦታው ይታሰራል። የተሻሉት ላይ ደግሞ ክቦቹ ከጎን እየተንሸራተቱ ይወጣሉ፤ ከውስጣቸው አንዱ ተመርጦ፣ ባዶው ቦታ ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ በተቆረጡ ቀለበቶች ይሞላል። ቀለበቶቹ ሲቆረጡ ጠርዛቸው እኩል መሆን አለበት።

ከዚያ ሁለት ነገር መለካት ያስፈልጋል። የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ ካልሆነ ሰንሰለቱ ይጮሃል፣ ጉልበት ሲበዛበትም ይወልቃል። ሁለተኛው የሰንሰለቱ መወጠር ነው። የኋላ ጎማው የሚገባበት ቀዳዳ አግድም የሆነ ፍሬም ላይ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ዳዶውን ማጥበቅ ይበቃል። ቀዳዳው ቁልቁል ከሆነ ግን መወጠሪያ ይፈልጋል፤ አሮጌው የማርሽ መቀየሪያ ራሱ፣ ቦታው ላይ በብሎን ተይዞ፣ ይህን ሥራ ይሠራል። መሐል ላይ በጣት ሲነሣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ሰንሰለት ልኩ ነው።

ክረምትና በጋ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መንገዱ ይለወጣል። ዋልካ አፈር ጎማ ላይ እየተጠቀለለ በሹካውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል፤ አንድ ማርሽ መሆን ከዚህ አያድንም፣ ወርዶ በእንጨት መፈቅፈቅ ነው። የሚያድነው ሌላ ነገር አለ። ከኋላ ጎማ አጠገብ የሚንጠለጠለው የማርሽ መቀየሪያ ጭቃና ሣር ይዞት ወደ ጎማው ሽቦዎች ሲገባ ይሰበራል፣ አንዳንዴ ፍሬሙንም ይዞ ይሰበራል። ለመወጠሪያ ካልተዉት በቀር፣ እሱ በሌለበት የሚሰበር የለም። በክረምት ሰንሰለቱ በየጊዜው ታጥቦ ዘይት ይቀባል፤ በበጋ ግን አቧራው ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ጥርሱን እንደ ሞረድ ስለሚበላው ዘይቱ ጥቂት፣ ትርፉም በጨርቅ የተወለወለ መሆን አለበት።

የፍሬን ላስቲክ በጭቃ ፈጥኖ ያልቃል። በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ለዚህ ሀገር ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ሽቦው በየትኛውም ቦታ ይገኛል፣ ዘይት የሚያፈስበት ነገር የለም።

የሚነዳባቸው መንገዶች

ለጀማሪ ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ከዚያም ወደ አዘዞ የሚወርደው ዋና መንገድ ይሻላል፤ መውረዱ ቀላል፣ መመለሱ ረጅም ግን አዝጋሚ ዳገት ነው። በባጃጅና በጋሪ ስለሚጨናነቅ ማለዳ ይመረጣል። በጥምቀት ሰሞን መዋኛው አካባቢ መንዳት አይገባም፤ ሰው ታቦት አጅቦ በሚሄድበት መንገድ ሳይክል በእጅ ይገፋል። ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚወጣው ዳገት አጭርና ብርቱ ነው፤ የጥርስ ልክ የሚፈተነው እዚያ ነው። በሰሜን በኩል ወለቃን አልፎ የደባርቅ መንገድ ይጀምራል። ወደ ደቡብ ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች፤ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የግራር እሾህ ስለሚበዛ ሁለት ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና ፖምፓ ሳይዙ አይወጣም።

ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል፤ መንገዱ ወደ 2,850 ሜትር ይወጣል። ከማርሽ እጦት ይልቅ አየሩ መሳሳቱ ነው የሚያደክመው፤ አንድ ቀን ዳባት አድሮ መቀጠል ጥበብ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ላይ ነው፤ መግቢያው የሚከፈለውና ስካውት (አጃቢ ጠባቂ) የሚመደበው እዚያው ነው። ስካውቱ በእግሩ ስለሚሄድ ሳይክል ይዞ የሚገባ ሰው ጉዞውን አስቀድሞ ከእሱ ጋር ይነጋገርበታል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ድረስ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ የኋላው 20 ጥርስ ይከብዳል፤ 22 ይሻላል። መፍቻው ከተያዘ ጥርሱን መቀየር ደባርቅ ላይ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።