የሰውነት ሰዓት ምንድን ነው?

ሚሼል ሲፍር 23 ዓመቱ ነበር። ፈረንሳዊ የጂኦሎጂ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1962 አልፕስ ተራሮች ውስጥ ወዳለ አንድ ጥልቅ ዋሻ ብቻውን ገባ። ሰዓት አልያዘም። የፀሐይ ብርሃን እዚያ ድረስ አይደርስም። ውጭ ካሉት ጓደኞቹ ጋር የሚያገናኘው ስልክ ነበረው፤ መደወል የሚችለው ግን እሱ ብቻ ነው። ሲነቃ ይደውላል። ሊበላ ሲል ይደውላል። ሊተኛ ሲልም ይደውላል። እነሱ ሰዓቱን ይመዘግባሉ እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ ትንፍሽ አይሉም።

ሴፕቴምበር 14 ቀን «ጊዜው አልቋል፣ ውጣ» ሲሉት ግራ ገባው። በእሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ነበር። 25 ቀን የት እንደገባ አያውቅም። እዚያው ዋሻ ውስጥ ሳለ በየሰከንዱ አንድ እያለ እስከ 120 ለመቁጠርም ሞክሮ ነበር። ሁለት ደቂቃ መውሰድ የነበረበት ቆጠራ አምስት ደቂቃ ፈጀበት።

የሚገርመው ታዲያ ቀጥሎ የመጣው ነው። መዝገቡ ሲታይ፣ ቀኑ እንዲህ የጠፋበት ሰው የሚተኛውና የሚነቃው በሥርዓት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ዙር በአማካይ 24 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ገደማ ነው። ሐሳቡ ጊዜውን ስቶታል፤ ሰውነቱ ግን አልሳተም።

የሰውነት ሰዓት የሚባለው ይሄ ነው። ከውጭ ምንም ምልክት ባይመጣም በ24 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር የሚጨርስ፣ ውስጣችን ያለ መቁጠሪያ። በሳይንሱ ቋንቋ «ሰርካዲያን» ይባላል። ቃሉ የተሠራው ከላቲን ሲሆን «አንድ ቀን ገደማ» ማለት ነው። «ገደማ» የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ይህ ሰዓት የሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1729 ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድ ሚሞሳ ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀመጠ። ሚሞሳ ቀን ቅጠሉን ይዘረጋል፣ ማታ ያጥፋል። ሁላችንም ብንጠየቅ «ፀሐይዋን እያየ ነው» እንል ነበር። ተክሉ ግን ጨለማ ውስጥም ሆኖ ጠዋት ቅጠሉን ዘረጋ፣ ማታ አጠፈ። ፀሐይ ሳያይ ፀሐይ መውጣቷን ያውቃል ማለት ነው።

ሰዓቱ በምን ይሠራል የሚለው ግን ብዙ ዘመን መልስ አልነበረውም። ፍንጩ የመጣው ከፍራፍሬ ዝንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሮናልድ ኮኖፕካና ሲሞር ቤንዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዓታቸው የተዛባ ሦስት ዓይነት ዝንቦች አገኙ። አንደኛው ዙሩን በ19 ሰዓት ይጨርሳል። ሌላው 28 ሰዓት ይፈጅበታል። ሦስተኛው ጭራሽ ዙር የለውም። የሦስቱም ችግር ያለው አንድ ቦታ፣ አንድ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ፣ ሴል የሚሠራበት መመሪያ) ላይ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ባሕርይ፣ ያውም መቼ መተኛትና መቼ መነሣትን ያህል ነገር፣ በአንዲት ጂን መዛባት እንዲህ ሲለወጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩን ለመረዳት የውሃ ታንከር አስቡ። ታንከሩ ሲሞላ ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ትልና ውሃው የሚገባበትን ትዘጋዋለች። ውሃው ሲጎድል ኳሷ ትወርዳለች፣ መስመሩ ይከፈታል። ሴል ውስጥም እንደዚያው ነው። ጂኑ ፕሮቲን ያስመርታል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ተመልሶ የራሱን ጂን ይዘጋል። ከዚያ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ያልቃል፣ ጂኑም እንደገና ሥራ ይጀምራል። ይህ መሙላትና መጉደል አንድ ዙር ለመጨረስ አንድ ቀን ገደማ ይወስድበታል። ይህን አሠራር የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እኛ ውስጥ ዋናው ሰዓት ያለው አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ላይ ነው። 20,000 ገደማ ነርቮች ናቸው፤ ሲበዛ የሩዝ ፍሬ ቢያክሉ ነው። ጉበትም፣ ልብም፣ ጡንቻም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ዋናው አንድ ላይ ያስኬዳቸዋል። ማታ ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ኮርቲዞል የሚባለው ሌላ ሆርሞን መጨመር ይጀምራል። ስንነቃ ሰውነታችን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀን።

አሁን ወደ «ገደማ» ልመለስ። የሰው ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ይበልጣል። በየቀኑ ካልተስተካከለ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይጎተታል። የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ዐይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን በዋናነት ብርሃን መኖሩን ለአንጎል ለመንገር የተሠሩ ልዩ ሴሎች አሉ፤ የታወቁት በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ዐይነ ስውራን ምንም ባያዩም እነዚህ ሴሎች ካልተጎዱ ሰዓታቸው ከቀኑ ጋር ይሄዳል። ምንም ብርሃን ወደ አንጎላቸው የማይደርስ ብዙዎች ግን ሰዓታቸው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። ጥቂት ሳምንት ደህና ይተኛሉ፣ ከዚያ ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ይሆንባቸዋል። ይህ የፀባይ ጉዳይ አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው።

ብርሃኑ የሚያመጣው ለውጥ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። የጠዋት ብርሃን ሰዓቱን ወደፊት ይገፋዋል፣ ቶሎ እንድንተኛ ያደርገናል። የማታ ብርሃን ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አልጋ ላይ ስልክ ይዞ ማምሸት እንቅልፍ የሚያሸሸው የምናየው ነገር ስለሚያጓጓ ብቻ አይደለም። አንጎል «ገና አልመሸም» የሚል መልእክት እየደረሰው ነው።

የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ነገር ያሳስበኛል። ነርሱ፣ ጥበቃው፣ ሾፌሩ ሰውነታቸው «ተኛ» እያለ ይሠራሉ፣ «ተነሣ» እያለ ይተኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ቀን የሚተኛ ሰው ቤታችሁ ካለ መጋረጃውን ዝጉለት፣ ድምፃችሁንም ቀንሱለት።

ሌላው ደግሞ ወጣቶች ናቸው። በአፍላ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይሸሻል። የ16 ዓመት ልጅ እንደ 8 ዓመት ወንድሙ በጊዜ እንቅልፍ አይመጣለትም። ጠዋት ስንቀሰቅሰው የምንቀሰቅሰው ከእኩለ ሌሊት እንቅልፉ ነው ማለት ይቻላል። «ሰነፍ» ስንለው ያለ ጥፋቱ ነው የምንወቅሰው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የእነዚህ ልጆች ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምር መክሯል።

«ጊዜ ቢሰጣቸው ያንኑ ያህል ሊያመሹ ነው» የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጀመሪያ ሰዓትን ከጠዋቱ 1፡50 ወደ 2፡45 አዛወረች። ተመራማሪዎች ከለውጡ በፊትና በኋላ የተማሪዎችን እንቅልፍ እጅ ላይ በሚታሰር መለኪያ ለኩ። ልጆቹ አልጋ የሚገቡት በዚያው በድሮው ሰዓት ገደማ ነበር። በትምህርት ቀናት የሚተኙት ግን በ34 ደቂቃ ጨምሯል።