ካሚኖን በአጭር በአጭር መሄድ፣ የአልጋውም ነገር

ካሚኖ ደ ሳንቲያጎ በሰሜን ምዕራብ ስፔን ወዳለችው ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚያደርሱ የእግር መንገዶች የጋራ ስም ነው። በከተማዋ ካቴድራል ውስጥ የሐዋርያው ያዕቆብ አፅም እንዳረፈ ይታመናል። ከመንገዶቹ ሁሉ ሰው የሚበዛበት «የፈረንሳይ መንገድ» የሚባለው ነው። ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከምትባል ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ይነሳል፤ የፒሬኔን ተራሮች ይሻገርና ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል።

አብዛኛው ተጓዥ ይህን ከ30 እስከ 35 ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ግን እንደዚያ ካልሄድክ አይሆንም ያለ ማንም የለም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ልጅ ይዞ የወጣ ወይም ጥድፊያ የማይወድ ሰው 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያርፋል። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው «ኮምፖስቴላ» የሚባል የምስክር ወረቀትም ስለ ፍጥነት አይጠይቅም። ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድና በየመንገዱ ማህተም ማስመታት ይበቃል።

የቀኑ ብዛት ግን ይታሰብ። በቀን 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 65 ቀን ያስፈልገዋል፣ ያውም ያለ እረፍት ቀን። በሸንገን ቪዛ የሚገባ ሰው ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ዝግተኞች መንገዱን ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይከፋፍሉታል። ወይም ከመሀል ይጀምራሉ። ለነገሩ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የተጓዦች መመሪያ ከፒሬኔ እስከ ሳንቲያጎ ያለውን መንገድ በ13 ምዕራፍ ብቻ ነው የከፋፈለው። አንዳንዱ ምዕራፍ በፈረስ ካልሆነ በአንድ ቀን የሚታሰብ አይደለም። መንገዱን በልክ መቁረጥ ያኔም የየተጓዡ ሥራ ነበር።

ማደሪያው አልበርጌ ይባላል። ተደራራቢ አልጋ የተደረደረበት፣ መታጠቢያ ቤቱ የጋራ የሆነ ሆስቴል በሉት። ለመግባት «ክሬደንሲያል» የሚባለውን የተጓዥ ደብተር ማሳየት ያስፈልጋል። በየማደሪያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየካፌው ማህተም የሚመታበት እሱ ነው። ዝግ ብሎ የሚሄድ ሰው ማህተሙ ስለሚበዛ ደብተሩ ቶሎ ይሞላል፤ ሁለተኛ ማውጣት ይፈቀዳል።

አልበርጌ ሁሉ አንድ አይደለም። የማዘጋጃ ቤት አለ፣ የደብር አለ፣ የማኅበር አለ፣ የግል አለ። በጋሊሲያ ክልል ደግሞ ሹንታ የሚባለው የክልሉ መንግሥት የራሱን ከፍቷል፤ አልጋው 10 ዩሮ ነው። የግሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከፍ ይላሉ። «ዶናቲቮ» የሚባሉት ዋጋ አይጠሩም፤ እንግዳው የቻለውን ሳጥን ውስጥ ይከታል። ነፃ ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል። ዛሬ የሚበላው ሾርባ ትናንት ያደረው ሰው በተወው ገንዘብ የተሠራ ነው። ግራኞን በምትባል መንደር ያለው ዶናቲቮ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ የተጠጋ ነው። አልጋ የለውም፤ የሚተኛው ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሰው ከመንገዱ ሁሉ የሚያስታውሰው እሱን ነው። በእንዲህ ያሉት ቤቶች የሚያስተናግዱት «ኦስፒታሌሮ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው ካሚኖን የሄዱና ደመወዝ የማይከፈላቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የአልጋ ችግር ከብዛት ብቻ አይመጣም። መመሪያ መጻሕፍቱና አፖቹ ሁሉ መንገዱን ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይቆርጡታል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከፒሬኔ ማዶ ካለችው ሮንሴስቫዬስ የተነሳው ሁሉ ማታ ዙቢሪ የምትባል መንደር ላይ ይገናኛል። እዚያ በር ላይ «ኮምፕሌቶ»፣ ማለትም «ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ሊጠብቅ ይችላል። በመሀል ያለችው ኤስፒናል ግን ከሮንሴስቫዬስ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ብዙው ተጓዥ ቡና ጠጥቶ ያልፋታል። በአጭሩ የሚሄድ ሰው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሌላው በሚያልፍበት መንደር ያድራል፤ ሌላው በሚያድርበት ከተማ ቡና ይጠጣል። ከሰልፉ በግማሽ ቀን ዝንፍ ማለት አልጋ ከማስገኘቱ ሌላ መንገዱንም ጭር ያደርገዋል።

ጉዳቱም እዚያው ነው። ትንሽ መንደር ውስጥ ያለው አልበርጌ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ ከሞላ ወይም ከተዘጋ ቀጣዩ ድረስ መሄድ ግድ ነው፣ እግር ፈቀደም አልፈቀደም። በአውሮፓ የብርድ ወራት ብዙዎቹ ይዘጋሉ። ስለዚህ መሀል መንደር ላይ ለማደር ያሰበ ሰው ቀደም ብሎ መደወል አለበት። የግሎቹ አልጋ አስቀድሞ ማስያዝ ይፈቅዳሉ። የሹንታና አብዛኛዎቹ የማዘጋጃ ቤት አልበርጌዎች አይፈቅዱም፤ ቀድሞ የደረሰ ይገባል።

የመክፈቻ ሰዓታቸው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። 12 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ደርሶ በር ላይ ቁጭ ይላል። ቦርሳውን ሰልፍ ውስጥ አስቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን ፀሐይ ላይ ያሰጣል። 30 ኪሎ ሜትር የሄደው ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ ሲመጣ የታችኛው አልጋ ተይዟል። የታችኛው አልጋ ዋጋ የሚገባው ጉልበቱ ላበጠ ሰው ነው።

አንድ ደንብ ግን ዝግተኛውን ያስቸግረዋል። በአብዛኛው አልበርጌ የሚታደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ መውጣት ግድ ይላል። የታመመ ካልሆነ ማንም ሁለተኛ ሌሊት አይጨመርለትም። ሙሉ ቀን ማረፍ የፈለገ ሰው ፔንሲዮን ወይም ሆቴል ይፈልጋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የማንኮራፋት ኮንሰርት ነው። የጆሮ መድፈኛ ያልያዘ ተጓዥ በሁለተኛው ቀን ይገዛል። ፍራሹን ገለጥ አድርጎ ትኋን መኖሩን ማየትም ነውር የለበትም።

አጭር ቀን የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንደስ እስከ ካልሳዲያ ደ ላ ኩዌሳ 17 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ አንድም መንደር የለም። ሜዳ ነው፣ ጥላም የለውም። እዚያ የሚደረገው ቦርሳን በመኪና አስልኮ፣ ውሃ ይዞ፣ በማለዳ መውጣት ነው። የስፔን ፖስታ ቤትና የግል ድርጅቶች ቦርሳ ከማደሪያ ወደ ማደሪያ ያደርሳሉ። ሆኖም ብዙዎቹ የማዘጋጃ ቤትና የዶናቲቮ ቤቶች በመኪና የመጣ ቦርሳ አይቀበሉም። ሳይጠይቁ መላክ ቦርሳን ሌላ ቤት ሄዶ መፈለግን ያመጣል።

ዳገቶቹ ግን ለሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቀን ከሳን ዣን እስከ ሮንሴስቫዬስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,200 ሜትር በላይ መውጣትም አለበት። ከሳን ዣን 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኦሪሶን የሚባል ማደሪያ አለ፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ መያዝ ይገባል። ይህ የተራራው መንገድ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይዘጋል። ያኔ በቫልካርሎስ በኩል ይኬዳል፤ እዚያም ማደሪያ አለ። ኦ ሴብሬይሮ ወደምትባል የተራራ መንደር የሚያስወጣው ዳገትም እንዲሁ ነው። ከጫፉ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በፊት ላ ፋባ የምትባል መንደር አለች፤ እዚያ አድሮ ጠዋት በአዲስ እግር መውጣት ነው። ዛሬ መንገዱን ሁሉ የሚያሳዩትን ቢጫ ቀስቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀባት የጀመሩት የኦ ሴብሬይሮው ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ ናቸው።

ግርግሩ ሳሪያ ከምትባል ከተማ ጀምሮ ነው። ከሳንቲያጎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ለምስክር ወረቀቱ የሚበቃ ርቀት ፈልጎ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮምፖስቴላ የወሰደው ሰው ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። 2027 ደግሞ የያዕቆብ በዓል እሁድ የሚውልበት ቅዱስ ዓመት ስለሆነ ከዚያም ይብሳል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን ክፍል ብዙው ሰው በ5 ቀን ይሄደዋል፤ ፖርቶማሪን፣ ፓላስ ደ ሬይ፣ አርሱዋ፣ ኦ ፔድሮውሶ እያለ። ዝግተኛው እንደ ፌሬይሮስ፣ ጎንሳር፣ ሜሊዴ፣ ሪባዲሶና ሳንታ ኢሬኔ ባሉ ቦታዎች ያድራል። ሪባዲሶ ከወንዝ ዳር፣ ከድልድይ አጠገብ ያለ የድሮ የተጓዦች ማረፊያ ነው። ከሰዓት በኋላ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር የሚቻለው ቀድሞ ለደረሰ ነው።

የመጨረሻው ማደሪያ ሞንቴ ዶ ጎሶ ይሁን። በመቶ የሚቆጠር አልጋ ያለው ትልቅ ግቢ ነው፤ ውበት አይፈለግበትም። ከካቴድራሉ የሚርቀው ግን 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከኦ ፔድሮውሶ የሚነሱት 20 ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል። ከሞንቴ ዶ ጎሶ የተነሳው ሰው ከቁርስ በፊት አደባባዩ ላይ ይደርሳል፤ ያን ሰዓት አደባባዩን የሚጠርጉት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው።