የጀርባ ፈሳሽ ስኳር ብቻውን አይነበብም

ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ የተቀዳ ፈሳሽ ውጤት ሲመጣ ብዙዎችን የሚያምታታው የስኳሩ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በተቀራራቢ ሰዓት ከተለካ የደም ስኳር ጋር ይነጻጸራል፤ በጤናማ ሰው የደሙን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል።

አንድ የስኳር ሕመምተኛ እናስብ፦ ፈሳሹ 75፣ ደሙ 300 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። 75 ለብቻው ደህና ይመስላል፤ ግን የደሙ ሩብ ነውና ዝቅተኛ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚዘናጋው።

በባክቴሪያ፣ በቲቢ ወይም በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩን ያወርደዋል፤ የቫይረሱ ብዙ ጊዜ አይነካውም። «ብዙ ጊዜ» ማለቴ ልብ ይባል፤ ሐኪሙ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎችንና ፕሮቲኑን አብሮ የሚያየው ለዚህ ነው። «ዝቅተኛ» የሚባልበት ወሰንም ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ በመጠኑ ይለያያል።