ለጀማሪ ፕሮግረሲቭ ሮክ ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከደብረ ብርሃን ጭኖ ይነሳል፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ይታጠፋል፣ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ ያራግፋል። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ በጣም የምወደውን ሙዚቃ ላሰማው ፈለግኩ። የስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1972 ያወጣውን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ከፈትኩለት። ከ18 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሥራ ነው። መጀመሪያ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ውሃ ይፈሳል። ከዚያ ጊታሩ፣ ቤዙና ድራሙ በአንዴ ይገነፍላሉ። ለጆሮ እንግዳ ከሆነ ሁሉም በየፊናው የሚሮጥ ነው የሚመስለው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እጁን ሰደድ አድርጎ ቴፑን ዘጋው። «ወንድሜ፣ ለኔ መንገዱ ይበቃኛል» አለኝ።

እውነቱን ነበር። አመራረጡ የእኔ ጥፋት ነው። ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበሩትን የተሳሳቱ ሐሳቦች ብዙ የሙዚቃ ወዳጅ ይዟቸው ሲዞር አያለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ለማታውቁት፣ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ባጭሩ ፕሮግ) በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር የተወለደ ስልት ነው። የሮክ ባንዶች ክላሲካሉን፣ ጃዙንና የባላገር ዘፈናቸውን ከሮክ ጋር ሲቀላቅሉ የመጣ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ጀማሪ በትልቁ ሥራ ነው መጀመር ያለበት»

አይደለም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ነው ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው። መወድሱ ትልቅ ስለሆነ ቀድሞ ይሰጠው የሚል መምህር የለም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው አልበም ይበልጣል?» ሳይሆን «ይህ ሰው አሁን ምን ይሰማል?» ነው። ዋሽንት ሲሰማ ልቡ የሚሄድ ሰው ከሆነ፣ ኪንግ ክሪምሰን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ «አይ ቶክ ቱ ዘ ዊንድ» ስጡት። በ1969 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሁለተኛው ዘፈን ነው። ዝግ ያለ ነው፣ ፍሉቱ ከድምፃዊው ጋር እየተቀባበለ ይሄዳል። ከዚያው አልበም የመጀመሪያውን ዘፈን ግን ለጊዜው እለፉት። እሱ ጊታሩም የሰው ድምፁም የሚቧጥጥ ነው። አልበም ከአንድ ቁጥር መጀመር አለበት የሚል ሕግ የለም።

የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ የሚወድ ሰው ደግሞ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ አይከብደውም። ለእሱ ካሜል የተባለው ባንድ በ1975 ያወጣው «ዘ ስኖ ጉስ» አለ። ሙሉ አልበሙ ግጥም የለውም።

«የእኛ ጆሮ ረጅም ነገር አይችልም»

ይህችን በተለይ ከሸዋ ሰው ስሰማ ይገርመኛል። እዚህ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ሞልቷል! ማኅሌት ጸሎት ነው፣ ሮክ ሙዚቃ ነው፤ ሁለቱን አላመሳስልም። የማወራው ስለ ጆሮ ነው። ያው አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ ዝማሜ ይሆናል። ከበሮው ገብቶ መረግድ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ በጽፋት እጅ እየተጨበጨበ ይፈጥናል። ያን ሲሰማ ያደገ ሰው ዝግ ብሎ የተጀመረ ነገር ወዴት እንደሚሄድ መጠበቅ ያውቅበታል። በዐቢይ ጾም በገና የሚያዳምጥም እንደዚያው።

ስለዚህ ርዝመቱ አይደለም ሰውን የሚያባርረው። ያለ ዝግጅት መወርወሩ ነው።

ከወራት በኋላ ከአክስቴ ልጅ ጋር እንደገና ስንሄድ የፒንክ ፍሎይድን «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» መረጥኩ። ከመክፈቴ በፊት ግን ታሪኩን ነገርኩት። ሲድ ባሬት ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። አእምሮው ታወከ፣ በ1968 ከባንዱ ተለየ። በ1975 ጓደኞቹ ስለ እሱ ይህን ዘፈን ሠሩ። አልበሙ በሚቀረጽበት ወቅት አንድ ቀን ሳይታሰብ ስቱዲዮ መጣ። ወፍሯል፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቷል። አብረውት ያደጉት ሰዎች መጀመሪያ አላወቁትም።

«አላወቁትም?» አለኝ። ዝም አለ። ያኔ ከፈትኩት።

ጣርማ በር እንደልማዱ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳል። ዘፈኑ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ይጀምራል። ኪቦርዱ ብቻውን ይረጋል። ከዚያ ጊታሩ አራት ድምፅ ብቻ ይመታና ይተወዋል። መልሶ ይመታቸዋል። ዘፋኙ እስኪገባ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የአክስቴ ልጅ አንዴም እጁን ወደ ቴፑ አልሰደደም። ዘፋኙ ሲገባ «ይሄ ትዝታ ነው» አለ። ቅኝቱን ማለቱ አይደለም፣ ነገሩን ነው። ከዚያ በላይ ምን ይባላል።

«ባልተለመደ ምት የሚሄድ ስለሆነ መቁጠር ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ማንም የእኛን ችክችካ ስድስት ብሎ እየቆጠረ አይጨፍርም። ትከሻው ያውቀዋል።

የፒንክ ፍሎይድን «መኒ» ውሰዱ። በ1973 ከወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ነው። ሲጀምር የሳንቲም ኳኳታ፣ የወረቀት ቀደዳና የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ ይሰማል። ሰባት ድምፅ ናቸው፣ እየዞሩ ይደጋገማሉ። ከዚያ ቤዙ በዚያው በሰባት ምት ይገባል። የአክስቴ ልጅ በጣቱ መሪውን ሲመታ አየሁት። በአራት በአራት ሊመታው ሞከረ፣ አልገጠመለትም። አንድ ጎደለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ጣቱ ራሱ አገኛት። ቁጥር የሚባል ነገር አላነሳሁበትም። በኋላ የጊታሩ ሶሎ ሲመጣ ምቱ ወደ አራት ይለወጣል፤ ያኔ ትከሻው ሲላላ ይታይ ነበር። ሙዚቀኞቹም ይህንኑ ነው የፈለጉት።

ለጀማሪ «ይህ ሰባት በአራት ነው» ብላችሁ አታስተምሩት። ደስታውን ወደ ፈተና ትለውጡበታላችሁ።

«ጩኸት ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም»

በገናን አስቡት። ከአሥሩ አውታሮች ሥር፣ ብርኩማው ላይ፣ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ የሚነዝረው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚመጣው ከነሱ ነው። ቆዳው ቢወጣ አውታሩ ጠርቶ ይሰማል፣ በገናነቱ ግን ይጎድላል። አባቶቻችን ድምፁን ሆን ብለው አሻከሩት።

የሮክ ጊታሪስትም ድምፁን ሆን ብሎ ነው የሚያሻክረው። ሁሌም አይደለም፣ ሥራው ሲጠይቅ ነው። ይህን ያስረዳሁት ሰው ሁሉ ሁለተኛ ሲሰማ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። ቢሆንም ሻካራውን በመጀመሪያው ቀን አታቅርቡት።

«እንግሊዝኛ የማይችል አይገባውም»

«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ላይ ክሌር ቶሪ የምትባል ሴት ያለ አንድም ቃል የምትዘፍንበት ክፍል አለ። የምትጮኸው፣ የምትለማመጠው፣ መጨረሻ ላይ የምትደክመው በድምፅ ብቻ ነው። አልቅሰው ለሚያውቁ ሁሉ ይገባል። ማግማ የተባለው የፈረንሳይ ባንድ ደግሞ ራሱ በፈጠረው ቋንቋ ነው የሚዘፍነው፤ ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ቃሉን ፈልገው አይደለም የሚሰሙት።

«ሮክ የሰይጣን ነው»

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ልጆቻቸው ምን እንደሚሰሙ የሚጨነቁ ወላጆች ናቸው የሚሉት። የእያንዳንዱን ግጥም ኃላፊነትም አልወስድም። ግን ስለ ፕሮግ ሙዚቀኞች አንድ ነገር ይታወቅ፦ ብዙዎቹ ባኽንና ሌሎች ክላሲካል ሥራዎችን እያጠኑ ያደጉ ናቸው። ያ የአክስቴ ልጅ የዘጋው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» መሐል ላይ የሚሰማው ትልቅ ኦርጋን የተቀረጸው ለንደን፣ በቅዱስ ጊልስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ለወላጅ ግጥሙን ተርጉማችሁ ንገሩ። አብራችሁ ስሙ። ተደብቆ በኢርፎን የሚሰማ ነገር ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው።

«ረጅም ካልሆነ ፕሮግ አይባልም»

ረሽ የተባለው የካናዳ ባንድ በ1976 አንድ የሸክላ ገጽ ሙሉ የሚይዝ ሥራ አውጥቷል። በ1981 ደግሞ 5 ደቂቃ የማይሞላውን «ቶም ሶየር»ን። ሁለቱም ፕሮግ ናቸው። ለጀማሪ የትኛውን እንደምትሰጡ መቼም አትጠይቁኝም።

«ድሮ የሞተ ሙዚቃ ነው»

ቱል የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2019 ያወጣው አልበም፣ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄዱ ዘፈኖችን ይዞ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል።

«አንዴ ካልወደደው፣ በቃ አይወደውም»

እኔም እንዲህ ብዬ ተስፋ ብቆርጥ ኖሮ ያ የጣርማ በር ቀን አይመጣም ነበር። ሰው የሚጠላው ብዙ ጊዜ የሰማበትን ሰዓት ነው። ደክሞት፣ ርቦት፣ ሰው ከቦት። ደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ ሲጠና፣ ጋቢ ተደርቦ ከሰል አጠገብ ሲቀመጡ የሚሰማ ነገር፣ ቀን መናኸሪያ ውስጥ አይሰማም። አንዱን ሥራ ስትሰጡ ሦስት አትጨምሩ። «እንዴት ነው? እንዴት ነው?» እያላችሁ በየደቂቃው ፊቱን አትዩ። ካልፈለገው አንሱትና ወራት ይለፈው።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ፍላሹን ይዞ ቤቴ መጣ። «ያ የወፎቹ ያልከው አለህ?» አለኝ። አለኝ። «አይ ቶክ ቱ ዘ ዊንድ»ን አንደኛ፣ «መኒ»ን ሁለተኛ፣ «ሻይን ኦን»ን ሦስተኛ አድርጌ ጫንኩለት። የወፎቹን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ከደብረ ብርሃን ከተነሳ፣ ሞላሌ ሳይደርስ ይደርስበታል።