«ሲቲው ንጹህ ነው» ከተባለ በኋላ፦ ስለ አንጎል ደም መልስ መርጋት ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንዲት ጎረቤቴ በወለደች በ11ኛው ቀን ራሷን ያማት ጀመር። ሁሉም መልስ ነበረው። «ብርድ ገብቷት ነው» አሉ እናቷ። «እንቅልፍ አጥታ ነው» አለች እህቷ። በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄደች፣ ሲቲ ስካን ተነሳች፣ «ንጹህ ነው» ተባለችና ማስታገሻ ይዛ ተመለሰች። ከሁለት ቀን በኋላ አልጋዋ ላይ እንዳለች አንቀጠቀጣት፤ ራሷንም ሳተች። እንደገና ስትመረመር ከአንጎሏ ደም የሚያወጣው ትልቁ ደም መልስ በረጋ ደም ተዘግቶ ተገኘ። ዛሬ ደህና ናት፤ ልጇም ኬጂ ገብቷል። እኔን ግን «ንጹህ ነው» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ወደ አንጎል የሚገባው በደም ቅዳ፣ የሚወጣው በደም መልስ ነው። መውጫው ላይ ደም ሲረጋ፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ፍሳሹ እንደተደፈነ መታጠቢያ ውስጡ ይሞላል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ከመቶ ስትሮክ ቢበዛ አንዱ ቢሆን ነው። ግን ወጣቱን ይይዛል፤ ከወንድ ይልቅ ሴቷን። እርግዝና፣ ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ ከባድ የፈሳሽ እጥረትና ሳይታከም የቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን ያጋልጣሉ።

«አራስ ራሷን ቢያማት ብርድ ነው»

ከ10 ሕሙማን 9ኙ ራሳቸውን ያማቸዋል። አንዳንዴ ከራስ ምታት በቀር ሌላ ምልክት የለም። በቀዶ ሕክምና የወለደች ከሆነች ደግሞ «ከወገብ መርፌው ነው» ይባላል። ሊሆን ይችላል። የመርፌው ግን ስትቀመጥና ስትቆም ይብሳል፣ ስትጋደም ይቀላል። የደም መልስ መርጋት ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ መተኛትና ማሳል ያብሰዋል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ስላልሆነ ቤት ውስጥ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። ሕመሙ ቀን በቀን ከባሰ፣ ዓይን ካደበዘዘ፣ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታከለበት ገንፎና ብርድ ልብስ አይበቃም። ዕለቱን ሆስፒታል ትሂድ። የደም ግፊቷም ይለካ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ግፊትም ራስ ምታትና መንቀጥቀጥ ያመጣል።

«ሲቲ ስካኑ ንጹህ ከሆነ አንጎሏ ደህና ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያለ ቀለም የሚነሳ ተራ ሲቲ የረጋውን ደም በቀጥታ የሚያሳየው ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሲያሳይም ምልክቱ ትንሽ ነው፤ ከኋላ በኩል፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ መሐል ላይ ከወትሮው የነጣች ሦስት ማዕዘን። ፈሳሽ በጣም ያነሰው ሰው ደሙ ስለሚወፍር እንዲሁ ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ተራው ሲቲ «አለ»ም «የለም»ም ብሎ ነገሩን አይዘጋም።

የሚያስፈልገው ደም መልሶቹን ለይቶ የሚያነሳው ቬኖግራፊ ነው። በሲቲ ከሆነ በክንድ ደም ሥር ቀለም ይሰጣል፣ ሰውነትን ለአፍታ ሞቅ ይለዋል፣ ቀለሙ ደም መልሶቹ ጋ ሲደርስ ፎቶው ይነሳል። ያቺ ሦስት ማዕዘን አሁን ዳር ዳሯ ነጭ፣ መሐሏ ጥቁር ሆና ትወጣለች። ቀለሙ የረጋውን ደም ዙሪያውን አልፎት ሄዷል ማለት ነው። ኤምአርአይ ደግሞ የረጋውን ደምም፣ የተጎዳውን የአንጎል ክፍልም ያሳያል። እሱም ሊያታልል ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ የረጋ ደም በአንዳንዱ ፎቶ ላይ ጠቁሮ የሚፈስ ደም ይመስላል። ከቬኖግራፊ ጋር የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

የማዘዣ ወረቀቷም ትልቅ ነገር ናት። «ራስ ምታት» ብቻ ከተጻፈባት ምርመራውም ተራ ይሆናል። «የሁለት ሳምንት አራስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የደም መልስ መርጋት ይጣራልን» ከተባለ ግን ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም (ራዲዮሎጂስቱ) ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ስለዚህ መውለድሽን፣ የምትወስጂውን እንክብል፣ ከቤተሰብ ደም የረጋበት ሰው መኖሩን ሳትጠየቂም ተናገሪ። «ደም መልሶቹስ ታይተዋል?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።

«አንዱ ጎን አይታይም፣ ተዘግቷል ማለት ነው»

ይህ ተቃራኒው ስህተት ነው። ከጭንቅላታችን ኋላ ግራና ቀኝ ከሚሄዱት ሁለት ትላልቅ የደም መልስ መስመሮች፣ ብዙ ሰው ላይ ግራው በተፈጥሮው ቀጭን ነው። በአንዳንድ ፎቶ ላይ ጭራሽ የሌለ ይመስላል። ሌሎቹ ፎቶዎች አብረው ካልታዩ ጤነኛ ሰው ለወራት ደም ማቅጠኛ ሊውጥ ይችላል።

«ሳይነስ ነው የተባለው»

ውጤቱ ላይ «ሳይነስ ትሮምቦሲስ» (ትሮምቦሲስ ማለት የደም መርጋት ነው) የሚል አንብበው እፎይ የሚሉ አሉ። እኛ ሳይነስ የምንለው የአፍንጫ ዙሪያውን ነው። እዚህ ግን ቃሉ የአንጎልን ደም ሰብስበው የሚያወጡትን ትላልቅ መስመሮች ነው የሚጠራው። በእንፋሎት መታጠን አያድነውም።

«የደም ምርመራው ኖርማል ነው፣ ፎቶ ምን ያደርጋል?»

ዲ-ዳይመር የሚባለው ምርመራ የሚለካው የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀረውን ስብርባሪ ነው። ከፍ ሲል ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ ግን እርግዝና፣ ወሊድና ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል። ዝቅ ሲል ደግሞ፣ ራስ ምታት ብቻ ያለበት ወይም ሕመሙ ሳምንት ያለፈው ሰው ላይ አያስተማምንም። ሐኪሙ ከጠረጠረ ፎቶው ይነሳል። ደም ያለቦታው እንዳይረጋ የሚያግዙትን ፕሮቲን ሲ እና ፕሮቲን ኤስን የመሳሰሉት ምርመራዎች ደሙ ለምን እንደረጋ ለመፈለግ እንጂ መርጋቱን ለማወቅ አይደሉም። አዲስ የረጋ ደም፣ እርግዝናና ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ቁጥራቸውን ስለሚያዛቡት ብዙ ጊዜ ቆይተው ቢሠሩ ይሻላል።

«ቀለም ከተሰጣት ጡት ማጥባት ታቁም»

አያስፈልግም። ወደ ወተቱ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነችም ያለ ቀለም የሚሠራ ኤምአርአይ ቬኖግራፊ አለ።

«ፎቶው ላይ ደም ፈሷል፣ እንዴት ደም ማቅጠኛ ይሰጣል?»

ቤተሰብን በጣም የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ድንጋጤውም ይገባኛል። ግን ደሙ የፈሰሰው መውጫ አጥቶ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተደረገ ትንሽ ጥናት ሄፓሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ደም የፈሰሰባቸውንም ሕሙማን እንደሚረዳ አሳየ፤ ዛሬም የመጀመሪያው ሕክምና እሱ ነው። በ2004 የታተመ፣ 624 ሕሙማንን የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት ላይ ከመቶ 79ኙ ምንም ምልክት ሳይቀርባቸው ወይም ቀላል ምልክት ብቻ ቀርቶባቸው አገግመዋል። እዚያው ጥናት ላይ ግማሾቹ ከታመሙበት ቀን እስኪታወቅላቸው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ፈጅቶባቸዋል። ለጎረቤቴ የታወቀላት በስድስተኛው ቀን ነበር።