የካንሰር ተመራማሪዎች የኅትመት መዝገብና የጥቅስ ቆጠራ

የአንድ የካንሰር ተመራማሪ የኅትመት መዝገብ በስሙ የወጡ ጥናታዊ ጽሑፎች ዝርዝር ነው። የጥቅስ ቆጠራ ደግሞ እነዚያን ጽሑፎች ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደጠቀሷቸው ያሳያል። ቅጥር፣ የደረጃ ዕድገትና የምርምር ገንዘብ ሲወሰን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም የሚናገሩት ነገር አለ፤ ጽሑፉን ራሱን ከማንበብ ግን አያድኑም።

ቆጠራውን ሥርዓት ያስያዘው አሜሪካዊው የመረጃ ሳይንስ ባለሙያ ዩጂን ጋርፊልድ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1955 አቀረበ፤ የመጀመሪያውን የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ደግሞ በ1964 አወጣ። መነሻው ሰውን መመዘን አልነበረም። አንድ ሐሳብ ከታተመ በኋላ ማን እንደተቀበለው፣ ማንስ እንደነቀፈው ተከታትሎ ማግኘትና የተሳሳተ ወይም ጊዜው ያለፈበት ውጤት ሳይመረመር እንዳይጠቀስ ማድረግ ነበር። ዛሬ ቆጠራውን ከሚሠሩት መካከል በ2004 የተጀመሩት ስኮፐስና ጉግል ስኮላር የተባሉት የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያዎች ይገኙበታል። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና መጻሕፍትንም ስለሚቆጥር የአንድ ሰው ቁጥር በእርሱ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል።

ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። መለኪያው 4 ነው ማለት አራት ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው፤ ስሌቱም እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል። የአንዲት ተመራማሪ አምስት ጽሑፎች 40፣ 22፣ 9፣ 4 እና 3 ጊዜ ተጠቅሰዋል እንበል። አራተኛው ጽሑፍ ቢያንስ 4 ጊዜ ተጠቅሷል፤ አምስተኛው ግን 5 አልሞላም። ስለዚህ ኢንዴክሷ 4 ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ነገ 4,000 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ቁጥሩ ከ4 ንቅንቅ አይልም። ደግሞም ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ያድጋል እንጂ አይቀንስም፤ ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመት የሆናትን ሴት ሠላሳ ዓመት ከሠራ ሰው ጋር በዚህ ማወዳደር ግፍ ነው።

በካንሰር ምርምር ስም የሚሰፍርበት ቦታም ይነበባል። ሙከራውን በእጁ የሠራው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ፣ ቤተ ሙከራውን የሚመራው መጨረሻ ላይ ይጻፋል። በብዙ ሆስፒታሎች የተካሄደ የመድኃኒት ሙከራ በደርዘን የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ይኖሩታል፤ ጥቅሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም እኩል ይቆጠራል።

የጽሑፉ ዓይነትም ቁጥሩን ይወስናል። ቲም ሞስማን በ1983 ሕያው ሕዋሳትን በቀለም ለውጥ የሚለካ ዘዴ አሳተመ፤ ዘዴውን የተጠቀመ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ዳግላስ ሃናሃንና ሮበርት ዋይንበርግ በ2000 በሴል ጆርናል ያወጡት ቅኝት አዲስ የሙከራ ውጤት አልያዘም ነበር። የተበታተነውን ዕውቀት በስድስት የካንሰር መለያ ባሕርያት ስላደራጀ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሷል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጆርናል የሆነው ‹ሲኤ› በኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በሚያሳየው ቁጥር፣ ከዓለም ቀዳሚ ሆኖ የቆየውም በአመዛኙ የበሽታውን ሥርጭት አኃዞች ስለሚያወጣ ነው፤ ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሰው በመግቢያው ላይ አኃዝ ያስፈልገዋልና።

ዕውቅናው የዘገየባቸውም አሉ። በ1911 ፔይተን ራውስ ከዶሮ ዕጢ ያወጣውን ፈሳሽ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ በጤነኛ ዶሮዎች ላይ ወጋ፤ ዶሮዎቹም ዕጢ አበቀሉ። ቫይረስ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል የሚለው ይህ ግኝት ለብዙ ዓመታት ሰሚ አጣ፤ ራውስም ወደ ሌላ ምርምር ዞረ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የእነ ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ቡድን ከዚያው ቫይረስ ተነሥቶ የካንሰር አምጪው ጂን ምንጭ የጤነኛ ሕዋስ ጂን መሆኑን አሳየ። በ1920 ራውስን በአምስት ዓመት የጥቅስ ቁጥር የሚመዝን ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ምን ይወስን እንደነበር ማሰቡ ያስጨንቃል።

በሌላ በኩል ብዙ የተጠቀሰ ሁሉ እውነት አይደለም። ግሌን ቤግሊና ሊ ኤሊስ በ2012 በኔቸር መጽሔት እንደጻፉት፣ አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች በካንሰር ምርምር ፈር ቀዳጅ የተባሉ 53 ጽሑፎችን ውጤት ደግመው ለማግኘት ሞክረው የተሳካላቸው በ6ቱ ብቻ ነበር። ካልተረጋገጡት አንዳንዶቹ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተከታይ ጽሑፎችን ወልደዋል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ውስጥ የሰው ዓመታትና ገንዘብ አለ፤ ከዚያም ወዲያ መድኃኒት የሚጠብቅ ታማሚ አለ።

በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው ‹ዶራ› የተባለው መግለጫ የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር ተመራማሪን ለመመዘን እንዳይውል ይጠይቃል፤ ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የወጣው የ2015ቱ የላይደን ማኒፌስቶም ቁጥር የባለሙያን ፍርድ ይደግፍ እንጂ አይተካ ይላል። ብዙ ተቋማት መግለጫውን ፈርመዋል። ጋርፊልድ በ1955 ያነሣው ሥጋት ግን ዛሬም አለ፦ ስሕተት ወይም ማጭበርበር ተገኝቶባቸው የተሻሩ ጽሑፎች ከተሻሩ ከዓመታት በኋላም፣ መሻራቸው ሳይነገር፣ በዋቢነት ሲጠቀሱ ይገኛሉ።